ሲበላሽ ብቻውን ይበላሽ፦ በእጅ በተሠራ ትንሽ አውሮፕላን ላይ የስልክና የታብሌት መሙያ ሶኬትን ስለ ማሻሻል

(አዳማ ከተማ ለቴክኒክ ተማሪዎችና ለወጣት ባለሙያዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከፊት የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? በቅዳሜ ቀን፣ ያውም በዚህ በአዳማ ሙቀት፣ እረፍታችሁን ትታችሁ ስለ ሶኬትና ስለ ፊውዝ ለመስማት በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናችኋለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወንድሞቼ፣ በጎን በኩል ባዶ ወንበሮች ስላሉ እባካችሁ ተቀመጡ፤ ንግግሩ አጭር አይደለም።

ማስታወቂያውን ስታዩ «በአገራችን ስንት ሰው አውሮፕላን ሠርቶ ነው የስልክ መሙያ የሚቸግረው?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን «ፀሐይ» የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሠራት መሆኗን፣ ከዚያም ወደ ጣሊያን ተወስዳ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኝ ሙዚየም ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ መመለሷን አስታውሱ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ወገናችን በቮልስዋገን ሞተር የምትንቀሳቀስ «ኬ-570ኤ» ያላትን አውሮፕላን በራሱ እጅ ሠርቶ ለሙከራ አቅርቦ ነበር። አውሮፕላን የመሥራት ፍላጎት በዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከእናንተ መካከልም አንድ ቀን፣ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚያስፈልገውን ፈቃድ ይዞ፣ የራሱን የሚሠራ እንደሚኖር አምናለሁ። ዛሬ የምናገረው ለዚያ ሰው ነው፤ ግን ባጃጅ ለሚነዳውም፣ ጀልባ ላለውም፣ የሶላር ዕቃ ለሚገጥመውም ይሠራል።

ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትወጡ እፈልጋለሁ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። በኋላ የተጨመረ ነገር ሲበላሽ ብቻውን ይበላሽ። ሌላ ነገር ይዞ አይሂድ። እደግመዋለሁ፤ ሲበላሽ ብቻውን ይበላሽ።

ይህን ቃል የተማርኩት አውሮፕላን ላይ አይደለም፤ እዚሁ አዳማ፣ በሰፈሬ ነው። ጎረቤቴ የሆነ ባጃጅ ነጂ ወጣት አንድ ማክሰኞ ማታ መጥቶ «ጋሼ፣ ስልኬን ቻርጅ ሳደርግ የፊት መብራቴ ይደክማል፤ ምን ይሆን?» አለኝ። በእጅ ባትሪ አበራሁና አየሁለት። የቻርጀሩን ገመድ የገጠመለት ሰው የፊት መብራቱን ገመድ ልጦ፣ ሁለቱን ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎታል። «ይህ ጥሩ አይደለም፤ እሑድ አምጣውና አስተካክልልሃለሁ» አልኩት። ሐሙስ ሌሊት ከወንጂ ሰው አድርሶ ሲመለስ ቻርጀሩ ውስጡ ሾርት አደረገ። ፊውዙ ተቃጠለ። ፊውዙ የተሠራው ለዚሁ ስለሆነ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ግን ያ ፊውዝ የመብራቱም ፊውዝ ነበር። ልጁ በጨለማ፣ በፍጥነት ላይ እያለ፣ መንገዱ ጠፋበትና ቦይ ውስጥ ገባ፤ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባላል፤ እኔ ግን እሑድ አልኩ። ያን ማክሰኞ ማታ ገመዱን በጥሼ ብልከው ኖሮ ያ ልጅ አይሰበርም ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን የባጃጁን የፊት መብራት አውጡና በቦታው የአውሮፕላን ሬዲዮ ወይም የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ አስቡ። በአየር ላይ ደግሞ ጥግ ይዞ መቆም የለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ለብዙ ዓመታት በአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ጥገና ሠርቻለሁ፤ በእጅ የተሠራ አውሮፕላን ውስጥ እጄን ያስገባሁት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አሜሪካ ኮሎራዶ የሚኖር የአክስቴ ልጅ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስና በእረፍት ቀኑ እየሠራ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ሠራ። የአገሩ ሕግ እንዲህ ያለው አውሮፕላን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ በሚሠሩ ግለሰቦች እጅ እንዲከናወን ይጠይቃል። አካሏ ከፋይበር ነው፤ ሞተሯ ሮታክስ 912 ነው። ልጠይቀው ሄጄ ሁለት ወር ስቀመጥ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ እርዳኝ፤ ታብሌቴ በረራ መሐል እየጠፋ አስቸገረኝ» አለኝ። የዘመኑ አብራሪ ካርታውን የሚያየው በታብሌት ነውና ታብሌቱ ጠፋ ማለት ካርታው ጠፋ ማለት ነው።

ከመሣሪያዎቹ ሰሌዳ በታች የነበረው ሶኬት ከመኪና የምታውቁት የሲጋራ መለኮሻ ቀዳዳ ነበር። በውስጡ ሁለት መሰኪያ ያለው ርካሽ ቻርጀር ተሰክቷል። ነቀልኩትና በብርሃን አየሁት። ጫፉ ላይ ያለችው የናስ ቁልፍ ጠቁራለች፤ ዙሪያዋን የያዘው ነጭ ፕላስቲክ የተቃጠለ ስኳር መልክ ይዞ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ቀልጦ ገብቷል። አሸተትኩት። ያ ሽታ በሥራ ዘመኔ የማውቀው ሽታ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ያ ቀዳዳ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ሲጋራ መለኮሻን ለማጋል እንጂ ለሰዓታት ኤሌክትሪክ ለማስተላለፍ አልነበረም። ቻርጀሩን የሚይዘው የስፕሪንግ ግፊት ብቻ ነው፤ ቁልፍ የለው፣ ብሎን የለው። ሞተር ሲንቀጠቀጥ ቻርጀሩ በትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ግንኙነቱ ይላላል፣ የላላ ግንኙነት ደግሞ ይግላል። እስቲ አብረን እናስላ። በላላው ቦታ 0.2 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢፈጠርና 5 አምፔር ቢያልፍበት፣ 5 በ5 ሲባዛ 25፣ 25 በ0.2 ሲባዛ 5 ዋት ሙቀት ይሆናል። 5 ዋት ትንሽ ይመስላችኋል? አዝራር በምታክል ናስ ላይ፣ በፕላስቲክ ተከቦ፣ ንፋስ በማይደርስበት ቦታ ሲሆን ትንሽ አይደለም። ፊውዙ ደግሞ ይህን አያይም፤ ለእርሱ የሚያልፈው ያው 5 አምፔር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነጥቤ እጅግ አጭር ነው፤ ያን ቀዳዳ አውጡት። በቦታው በሰሌዳው ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ከኋላው በተርሚናል የሚገናኝ፣ ገመዱ ቀጥታ የሚሰካበት ቋሚ የዩኤስቢ መሙያ ግጠሙ። በስፕሪንግ የተንጠለጠለ ነገር አውሮፕላን ላይ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ነጥብ ቆጠራ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ሄዶ የሚያምረውን መሙያ ይገዛል፣ ከዚያ ቀዳዳ ይበሳል። ከመብሳታችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ዲናሞው ስንት ይሰጣል? ከሚሰጠው ላይ ስንቱ ተይዟል?

የሮታክስ 912 ጄኔሬተር፣ ማለትም ዲናሞው፣ ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር የሚሰጠው 250 ዋት ያህል ነው። በ13.8 ቮልት ሲካፈል 18 አምፔር ይሆናል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ለምሳሌ በመሬት ላይ ሲንቀሳቀስ፣ ከዚያ ያንሳል። በሙያችን የተለመደው መመሪያ ያለማቋረጥ የሚሠራው ጭነት ከአቅሙ 80 በመቶ እንዳያልፍ ያዛል፤ የ18 አምፔር 80 በመቶ 14.4 አምፔር ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋር ቴስተር ይዘን በአውሮፕላኑ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያበራን ለካን። ስክሪኖቹ፣ ሬዲዮው፣ አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው ትራንስፖንደር፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ የክንፍ መብራቶቹ ተደምረው 11 አምፔር መጡ። የቀረን 3.4 አምፔር ብቻ ነው።

እርሱ የፈለገው ምን ነበር? ሁለት ታብሌትና አንድ ላፕቶፕ። ላፕቶፑ ብቻውን 60 ዋት ይፈልጋል። ቮልቱን የሚለውጠው ዕቃ ከሚቀበለው 90 በመቶውን ያስተላልፋል ብንል፣ ከባትሪው በኩል 67 ዋት ገደማ፣ ማለትም 4.8 አምፔር ይስባል። አይቻልም። ሁለት ታብሌት በ18 ዋት በ18 ዋት ግን 36 ዋት ነው፤ ከባትሪው በኩል 40 ዋት፣ 2.9 አምፔር። ይቻላል። «ላፕቶፑ ቤት ይቅር» አልኩት። ለጊዜው ቅር አለው፤ ወረቀቱን ግን እጁ ላይ ሰጠሁትና ራሱ ደመረው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አዲሱ የዩኤስቢ ዓይነት አንድ ቃል ልጨምር። የቀድሞው ዩኤስቢ የሚያውቀው 5 ቮልት ብቻ ነበር። ዩኤስቢ ሲ ከኃይል ማስተላለፊያ ስምምነቱ ጋር ሲሆን ግን ስልኩና መሙያው ይነጋገራሉ፤ 5፣ 9፣ 15 ወይም 20 ቮልት ይመርጣሉ፤ እስከ 100 ዋት፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጣው ደረጃ ደግሞ እስከ 240 ዋት ድረስ መሄድ ይቻላል። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ዕቃው እናንተ እስካቀረባችሁለት ድረስ የሚፈልገውን ያህል እንደሚወስድ አስተውሉ። 100 ዋት መስጠት የሚችል መሙያ ከገጠማችሁ አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ ያለ ክፋት ላፕቶፑን ይሰካበታል፤ በዚያች ቅጽበት ቆጠራችሁ ይፈርሳል። ስለዚህ ገደቡን በተሳፋሪው ጠባይ ላይ አትጣሉት፤ ከመጀመሪያው ከአቅማችሁ በላይ መስጠት የማይችል መሙያ ምረጡ።

ተማሪዎች ሆይ፣ 7805 የምትሏትን፣ ቮልት የምትቀንሰውን ባለ ሦስት እግር ዕቃ ለዚህ የምታስቡ ካላችሁ ተዉ። 13.8 ቮልት ተቀብላ 5 ቮልት በ1 አምፔር ስትሰጥ 5 ዋት ለስልኩ፣ 8.8 ዋት ደግሞ ለሙቀት ትሰጣለች። ከጠቀመችው ያባከነችው ይበልጣል። እዚህ አዳማ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በ15 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀትን የማንሳት አቅሙም ያንሳል፤ ሽቅብ ሲበረር ደግሞ ይብስበታል።

ሦስተኛው ነጥብ ገመድና ፊውዝ ነው፤ እዚህ ላይ ታግሳችሁ ስሙኝ። እስቲ እጃችሁን አንሡ፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ምንን ነው? ስልኩን የምትሉ? ... ብዙ ናችሁ። መሙያውን የምትሉ? ... እሺ። ልጆቼ፣ ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ከተበላሸ ፊውዙ ሳይነቃ ስልኩ አብቅቶለታል። ፊውዙ የሚቃጠለው በግድግዳው ውስጥ፣ ከወንበሩ ሥር፣ ከነዳጅ ቱቦው አጠገብ የሚያልፈው ገመድ ግሎ እንዳይነድ ነው። ይህን ከተረዳችሁ የሚከተሉት ሁለት ነገሮች ራሳቸው ይመጣሉ። አንደኛ፣ የፊውዙ መጠን የሚወሰነው በገመዱ ውፍረት ነው። ሁለተኛ፣ ፊውዙ የሚቀመጠው ኤሌክትሪኩ በሚነሣበት ጫፍ ነው፤ በሶኬቱ ጫፍ ካስቀመጣችሁት በመካከል ያለው ገመድ ሁሉ ያለ ጠባቂ ቀርቷል።

በአክስቴ ልጅ አውሮፕላን ላይ 20 ቁጥር የሚባለውን፣ 0.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ያህል የሆነውን ገመድ ተጠቀምን፤ ለእርሱ የሚመከረው ፊውዝ 5 አምፔር ነው። ገመዱ ከማከፋፈያው እስከ ሶኬቱ 2 ሜትር ነው። አካሏ ፋይበር ስለሆነ በብረት አካል የሚመለስ ግራውንድ የለም፤ ስለዚህ መመለሻውም ሌላ 2 ሜትር ነው። የ4 ሜትሩ ተቃውሞ 0.13 ኦም ገደማ ሲሆን በ2.9 አምፔር የሚጠፋው 0.4 ቮልት ያህል ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ አውሮፕላን የሚፈቀደው ግማሽ ቮልት ስለሆነ አለፈ። ሶኬቱ ከኋላ ወንበር ቢሆን ኖሮ ወፍራም ገመድ ያስፈልግ ነበር።

ስለ ገመዱ ልባስም አስቡ። በቤት ውስጥ የምናውቀው የፒቪሲ ልባስ ሲነድ የሚያወጣው ጭስ አሲድ ያለበት፣ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ነው። በቤት ከሆነ በር ከፍታችሁ ትወጣላችሁ። ሁለት ሰው በትከሻ በሚነካካበት ጠባብ ክፍል፣ በ3,000 ሜትር ላይ የት ትወጣላችሁ? የአውሮፕላን ገመድ ቴፍዜል በሚባል፣ እስከ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚችል ልባስ የሚለበሰው ለዚህ ነው። ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ለ4 ሜትር ግን ዋጋው አያስጨንቅም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር። በወጣትነቴ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሠርቼ ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። እዚያ ፊውዝ ሲቃጠል የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጠቅልለው በቦታው ይሰኩ ነበር። መኪናው ይሠራል፣ ባለቤቱም ተደስቶ ይሄዳል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ሌላ አላውቅም ነበርና። ዛሬ ከእናንተ መካከል በሳምንቱ ቀናት ጋራዥ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እለምናችኋለሁ፣ ይህን አታድርጉ። አለቃ ቢያዛችሁም አታድርጉ። ፊውዝ ተቃጠለ ማለት ገመዱ «አድኑኝ» አለ ማለት ነው።

አራተኛው ነጥብ ማጥፊያው ነው። እዚህ ላይ በዓለም የታወቀ አንድ አሳዛኝ አደጋ ማንሳት ግድ ይለኛል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 ከኒው ዮርክ ወደ ጄኔቭ ሲበር የነበረ የስዊስኤር ኤም ዲ-11 አውሮፕላን ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አጠገብ ባሕር ላይ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 229 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። አብራሪዎቹ ያልተለመደ ሽታ ካስተዋሉበት ጊዜ እስከ መውደቁ ያለፈው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የካናዳ መርማሪዎች ከአራት ዓመት በላይ ደክመው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ሪፖርት እሳቱ ከአብራሪዎች ክፍል ጣሪያ በላይ፣ በገመድ ላይ ከተፈጠረ ብልጭታ ተነሥቶ በቀላሉ በሚነድ የሙቀት መከላከያ ሽፋን ላይ እንደተዛመተ ገልጸዋል። ብልጭታ ከታየባቸው ገመዶች መካከል ለተሳፋሪዎች መዝናኛ በኋላ የተጨመረው ሥርዓት ገመዶች ይገኙበታል፤ የመጀመሪያው ብልጭታ የት እንደነበረ በእርግጠኝነት ለመናገር ግን አልተቻለም። በቦታው የነበሩት የተለመዱ ሰርኪት ብሬከሮች እንዲህ ያለውን የሚቆራረጥ ብልጭታ ለይተው እንዲቆርጡ የተሠሩ አልነበሩም።

አሁን የምነግራችሁ እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝን ነው። አብራሪዎቹ በጭስ ጊዜ የተሳፋሪውን ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያጠፉበት ማብሪያ ማጥፊያ ነበራቸው። የተጨመረው የመዝናኛ ሥርዓት ግን የተገናኘው ከሌላ መስመር ስለነበረ ያ ማጥፊያ አያጠፋውም ነበር። ሰው ያጠፋሁት መስሎት ሳይጠፋ የሚቀር ነገር! ሲበላሽ ብቻውን ይበላሽ የምላችሁ ይህን አስቤ ነው።

ስለዚህ ለሶኬታችሁ የራሱ ማጥፊያ አድርጉለት። አብራሪው ቀበቶውን ሳይፈታ፣ ሳያጎነብስ፣ ጭስ ዓይኑን ጋርዶት እንኳ በዳበሳ ሊያገኘው የሚችልበት ቦታ ይሁን። ዋናው ማጥፊያ ሲጠፋም ሶኬቱ አብሮ መጥፋት አለበት፤ በቀጥታ ከባትሪው ላይ አታያይዙት። ሞተር ሲነሣ ቮልቱ ስለሚወርድና ስለሚዘል ሶኬቱ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ይብራ። የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቶ ቮልቱ ቢያሻቅብም መሙያው ያንን ከፍ ያለ ቮልት ወደ ታብሌቱ እንዳያሳልፍ ቢያንስ 30 ቮልት የሚችል ዕቃ ምረጡ።

አምስተኛው ነጥብ ድምፅ ነው። ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው ችግሩ ከደረሰበት በኋላ ነው። የዘመኑ መሙያ ቮልት የሚቀንሰው ኤሌክትሪኩን በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ እየቆረጠ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ኃይል አያባክንም፤ ነገር ግን ያ መቆራረጥ ራሱ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ይሆናል። የአብራሪዎች ሬዲዮ የሚሠራው ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል፣ ያውም ኤኤም በሚባለው የሬዲዮ ዘዴ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ጫጫታ እንደ ድምፅ ይቀበለዋል።

የአክስቴ ልጅ ከሱቅ ያመጣውን አዲስ መሙያ ከመግጠማችን በፊት በጊዜያዊ ገመድ አያያዝነውና አውሮፕላኗ ውስጥ ተቀመጥን፤ ሞተር አላስነሣንም። ሬዲዮውን ከሩቅ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ሁኔታን በተቀዳ ድምፅ በሚያሰማ ጣቢያ ላይ አደረገው። ድምፁ ሩቅ ነበር፤ ቢሆንም የነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት፣ የአየር ግፊቱ በግልጽ ይሰማል። «አሁን ታብሌቱን ሰካው» አልኩት። ሰካው። ወዲያው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ያህል ሽሽሽታ መጣና የነፋሱ ቁጥር ከሥሩ ጠፋ። ነቀለው፤ ድምፁ ተመለሰ። ሰካው፤ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። እርሱ ዞር ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ የመቆጣጠሪያ ማማው እያዘዘኝ አልሰማም ነበር ማለት ነው?» አለ። አዎ፣ ማለት ነው። አብራሪው ጆሮ ማዳመጫው ላይ ጫጫታ እንዳለ የሚያውቀው ቅርብ ጣቢያ ሲሆን አይደለም፤ ሩቅና ደካማ ድምፅ ሲሆን፣ በጣም በሚያስፈልገው ጊዜ ነው።

ያንን መሙያ መለስነው። በብረት ሣጥን የተሸፈነ፣ ለአውሮፕላን የተሠራ ገዛን፤ የመሄጃውንና የመመለሻውን ገመድ እንደ ሹሩባ አጋምደን ከአንቴናው ገመድ አራቅነው፤ የግራውንዱን ጫፍም ከጆሮ ማዳመጫው ግራውንድ ጋር ሳናጋራ ለብቻው ወደ ማዕከላዊው የግራውንድ ቦታ ወሰድነው። እንደገና ተቀምጠን በዚያው ሩቅ ጣቢያ ሞከርን፤ ታብሌቱ ባዶ ሆኖ ብዙ በሚስብበት ጊዜ፣ ሞልቶ ጥቂት በሚስብበት ጊዜ፣ ምንም ሳይሰካም ሞከርን፤ ጫጫታው በሦስቱ ሁኔታ ሊለያይ ይችላልና። ጂፒኤሱም ሳተላይቶቹን እንደያዘ መቆየቱን አየን። ከዚያ በኋላ ብቻ ሰሌዳውን በሳን።

አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ ለሙያዬ ታማኝ አልሆንም። አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው ማሻሻያ ሶኬቱን ጭራሽ አለመጨመር ነው። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል አንድ ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል። ይህ በመንገደኞች አውሮፕላን ካቢን ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚፈቀደው 100 ዋት ሰዓት በታች ነው፤ አንድን ታብሌት ለሁለትና ሦስት ሰዓት በረራ ያለ ችግር ያቆየዋል። ከአውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ ጋር የሚገናኝበት አንዳች መንገድ የለም፤ ቢበላሽም የሬዲዮውን ፊውዝ ይዞ አይሄድም። የሊቲየም ባትሪ የራሱ አደጋ አለው፤ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፤ ቢግል ወይም ቢያብጥ ቶሎ እንድታገኙት እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። ረጅም የማይበር ሰው «ሶኬት ግጠምልኝ» ቢለኝ መጀመሪያ የምመክረው ይህን ነው።

ስለ ተርሚናል የመጨረሻውን ልናገርና ወደ ጠረጴዛው እንሂድ። ገመድን ከሶኬት ጋር ስታገናኙ በብየዳ ብቻ አትተማመኑ። ቀልጦ የፈሰሰው የብየዳ ቆርቆሮ በገመዱ ክሮች ውስጥ ሽቅብ ይሳባል፣ ያን ቦታ እንደ ደረቅ እንጨት ያደርቀዋል፣ ንቅጥቅጡም ልክ ቆርቆሮው ያለቀበት ቦታ ላይ ይሰብረዋል። በትክክለኛው መሣሪያ የተጨመቀ ተርሚናል ይሻላል። በፒንሳ የተጨፈለቀ ግን ተርሚናል አይባልም።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ገመዶች አሉ፤ ሁለቱም 20 ቁጥር ናቸው፣ ሁለቱም ተርሚናላቸው አንድ ዓይነት ነው። አንዱን ትናንት ማታ በመጨመቂያ መሣሪያ፣ ሌላውን በፒንሳ ጨምቄዋለሁ። በዓይን ብታዩአቸው አትለዩአቸውም፤ ዛሬ ጠዋት ባለቤቴን ጠይቄያት አልለየችም። ከጠረጴዛው ሥር 5 ሊትር ውሃ የያዘች ጀሪካን አለች፤ 5 ኪሎ መሆኗ ነው። ከፊት ረድፍ ያላችሁ ሁለታችሁ፣ እባካችሁ ኑ። አንቺ ያንን ጫፍ ያዢ፣ አንተ ጀሪካኗን በቀስታ አንጠልጥል። ሌሎቻችሁም ቅረቡ፤ ከኋላ ያላችሁም ኑ፣ ቦታ አለ።